ከቅበላ ማግስት መጠጥ በአንዴ ያቆመ ወንድሜ ይንቀጠቀጣል፤ ጠበል ወይስ ሐኪም ቤት?

ትንሿ እህት፦
ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። አንብቤ ከመውጣት በቀር እዚህ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ጨንቆኛል። ታላቅ ወንድሜ ይጠጣል። ይጠጣል ስል ቅዳሜ ማታ ከጓደኛ ጋር ሁለት ቢራ ማለቴ አይደለም። ከሥራ ሲወጣ ግሮሰሪ ነው፣ ከዚያ አረቄ ቤት ነው። ጠዋት ደግሞ እጁ አልታዘዝ ስለሚለው አንድ መለኪያ ሳይቀምስ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አይችልም። እንዲህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ቅበላን እንደ ጉድ ጠጥቶ ጾሙ ሲያዝ «በቃ፣ ተስያለሁ» ብሎ እርግፍ አድርጎ ተወው። እማዬ እልል አለች። በማግስቱ ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ ላብ በላብ ሆነ፤ የቀመሰው ሁሉ አልረጋለት አለ። ዛሬ ሌሊት ደግሞ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል እያለ በጋቢው ሲያራግፍ አነጋ። እማዬ «የሚያስጠጣው መንፈስ እየለቀቀው ነው፣ ጠበል ይግባ» ትላለች። አጎቴ ነገ ጠዋት መኪና ይዞ ሊመጣ ነው። እኔ ልቤ አልወደደውም። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የጉለሌው፦
አይዞሽ እህቴ፣ ሐራራ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ያንገላታዋል ከዚያ ይለቀዋል። ሐራራ ሰው አይገድልም። ውኃ በብዛት ይጠጣ፣ ትኩስ የአጥንት ሾርባ ስጡት፣ ይተኛ።

ብርሌ፦
በዐቢይ ጾም የአጥንት ሾርባ? አንተ ሰውዬ ጉለሌ ውስጥ ጾም የለም እንዴ 😄

የማታ ተረኛ፦
ትንሿ እህት፣ መጀመሪያ ላንቺ፤ የቀረው ክርክር ይደርሳል። ነገ ጠዋት አይጠበቅም። አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እስክትደርሱ ብቻውን አትተዉት፤ ቢላዋና ስለት ከአጠገቡ አንሱ፤ መብራት አብሩ፣ ጨለማ ያስፈራዋል። ከጣለው በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ አትክተቱ፣ ክብሪትም አታሽትቱት። ለሐኪሙ ሦስት ነገር ንገሩት፦ በቀን ምን ያህል ይጠጣ እንደነበር፣ የመጨረሻውን የቀመሰው መቼ እንደሆነ፣ የሌለ ነገር እያየ መሆኑን። እናንተ ሳትሸፋፍኑ ካልተናገራችሁ ሐኪሙ ወባ ወይም ታይፎይድ ፍለጋ ሊገባ ይችላል።

የጉለሌው፣ «ሐራራ አይገድልም» የሚለውን እባክህ አትጻፍ። የሲጋራ ሐራራ አይገድልም፤ የጫትም አይገድልም። የአልኮል ግን ይገድላል። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፤ ይህንን ስናገር ከወረቀት ላይ አንብቤ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ያግዛል፤ የሚያነቃቃውን ግሉታሜትን ያፍናል። ሰው ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ማረጋጊያውን ይቀንሳል፣ ማነቃቂያውን ይጨምራል። መጠጡ በድንገት ሲቀር የጨመረው ማነቃቂያ ያለ ገቺ ይቀራል። የመጨረሻው መለኪያ ከወረደ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን ይመጣል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፍ ነገር ሊከተል ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ዋናው፣ ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት፣ ይመጣል፦ ቦታና ሰዓት ይጠፋበታል፣ ጉንዳን፣ አይጥ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ያያል፣ ትኩሳት ይነሳበታል፣ የደም ግፊቱ ይሰቀላል። ዘመናዊው ሕክምና ከመምጣቱ በፊት እዚህ ደረጃ ከደረሱት ከመቶው እስከ 35 ይሞቱ ነበር። ዛሬ በጊዜው ከታከመ ከ5 በታች ነው። ያቆመ ሁሉ እዚህ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ብዙው ሰው መንቀጥቀጡ ላይ ያበቃለታል። ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የማይታዘዘው፣ ጉንዳን ማየት የጀመረ ሰው ግን ያ «ብዙው ሰው» ውስጥ አይደለም።

ቤት ውስጥ ዲያዜፓም የሚባለው የሚያረጋጋ መድኃኒት ካለ ደግሞ ከራሳችሁ ገምታችሁ አትስጡት። መድኃኒቱ እሱ ወይም የእሱ ዘመድ ቢሆንም መጠኑ በሰዓት በሰዓት እየታየ የሚሰጥ ነው።

ትንሿ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬን ምን ልበላት? «ሐኪም ቤት መርፌ ከተወጋ መንፈሱ ይደበቃል» ብላኛለች።

ዘደብር፦
እኔ በደብር አገልጋይ ነኝ፤ ለእናትሽ የምትይውን ልንገርሽ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢላት፤ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው ይላል። በኤች አይ ቪ ጊዜም ይህ ክርክር ነበር፤ መድኃኒት ጥለው እንጦጦ ጠበል የገቡ ብዙ ነበሩና አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ውሰዱ ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። ጠበል ቦታ ሄዶ ውርጭ ላይ ሲንቀጠቀጥ «ጮኸ፣ ለፈለፈ» ተብሎ የታሰረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ጋኔን ነው የሚል ካህን የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ጠበሉ አይሸሽም፤ ሲድን ራሴ ይዤው እሄዳለሁ በያት።

የማታ ተረኛ፦
አባ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለዓመታት ብዙ የጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ በሰውነቱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1 ያንሰዋል፤ ሲጠጣ አይበላም፣ የበላውንም አንጀቱ አይቀበልም። ባዶ ሆዱን ጠበል ላይ ለቀናት ሲሰነብት ይህች ጥቂት ያለችው ታልቃለች። ያኔ ዓይኑ ይዋልላል፣ እግሩ ይሳከርበታል፣ አእምሮው ይደነዝዛል። ቤተሰብ «ሳይጠጣም ይሰክራል» ይላል። በቶሎ ቢ1 በደም ሥር ካልተሰጠው የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይሄዳል። ጉልኮስ ከመሰጠቱ በፊት ወይም አብሮ ቢ1 እንዲሰጠው መጠየቅ አያሳፍርም።

ትንሿ እህት፦
ተመስገን፣ ገብቷል። ካርድ እየወጣ ሳለ እዚያው አንዘፈዘፈውና ተሯሯጡለት። አሁን ተኝቷል፤ መርፌ ተሰጥቶታል፤ ቢ1 ም ሰጥተውታል (ጠይቄ ነው፣ ነርሷ «ማን ነገረሽ» አለችኝ)። እማዬ ከግርጌው ሆና መዝሙረ ዳዊት ትደግማለች። ሐኪሙ ጉበቱ አብጧል አለን። ጉበት ይድናል?

የማታ ተረኛ፦
እልል! ጉበቱ እንደ ደረሰበት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ስብ ይከማችበታል፤ ይህ ሕመም የለውም፣ ሰውየው ሥራውን ሲሠራ ይውላል፣ ምንም አያውቅም። መጠጥ ሙሉ በሙሉ ከተተወ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጸዳል። ቀጥሎ ጉበቱ ይቆጣል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል። መጨረሻው ጠባሳ ነው፣ ሲርሆሲስ። እዚያ ከደረሰ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ የጉሮሮ ደም ሥሮች አብጠው ይፈነዳሉ፣ ሰው ደም ያስታውካል። ያኔም ቢሆን ማቆም ዕድሜ ይጨምራል። ቁም ነገሩ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ ነው። እስከዚያ ፓራሲታሞልን እንደ ከረሜላ አይዋጥ፤ ለተጎዳ ጉበት መጠኑ ይቀነሳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከሜሪላንድ ነኝ። ይህን ክር ሳነብ ራሴን አየሁ። እኔ ለራሴ የምሰጠው ማስረጃ አንድ ነበር፦ «ሱሰኛ ብሆን 55 ቀን ሙሉ እንዴት ማቆም ይቻለኛል?» በየዓመቱ በዐቢይ ጾም አቆማለሁ። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ያለፈውን ሁሉ እከፍላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትንሽ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በቃ። ከጊዜ በኋላ ላቡ መጣ፤ ከዚያ የእንቅልፍ ማጣቱ፤ መጨረሻ ላይ ሥራ ቦታ ወደቅኩና በአምቡላንስ ተወሰድኩ። የጠጣሁት መጠን ግን አልጨመረም። ይህ ለምን ይሆናል?

የማታ ተረኛ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛ አገር በደንብ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው። አንጎል ከአልኮል በድንገት በተላቀቀ ቁጥር የሚቀጥለው መላቀቅ ይበልጥ ይከብደዋል። የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ብቻ ይሆናል፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያው መጠን መንዘፍዘፍ ያመጣል። በጾም ማቆም በፋሲካ መመለስ፣ በፍልሰታ ማቆም ጾሙ ሲፈታ መመለስ፣ በነቢያት ማቆም በገና መመለስ፣ ይህን በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የሚደጋግም ሰው አለ። ጾሙ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ መመለሱ ላይ ነው። «55 ቀን አቁሜያለሁ» ማለት ሱስ የለብኝም ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ይልቅ በ56ኛው ቀን ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
56ኛው ቀን ላይ ዶሮ ወጡ ሳይወጣ ነበር የምጀምረው 😔 አሁን ደህና ነኝ። እዚህ ሐኪሜ ናልትሬክሶን የሚባል ክኒን ሰጥቶኛል፤ አሜሪካ ውስጥ ለመጠጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ብትቀምስም ያ የድሮው ደስታ አይመጣም፤ ምኞቱም ይቀዘቅዛል። ለሁሉም አይሆንም፤ የጉበት ምርመራ ይጠየቃል፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው አይወስደውም። እዚህ ያላችሁ አበሾች፣ የቤተሰብ ሐኪማችሁን በስሙ ጠይቁ። ብዙዎቻችን መኖሩን ሳናውቅ ነው የምንማቅቀው፤ «አበሻ ያየኛል» ብለን መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚረዳዱበትን ስብሰባም እንሸሻለን።

ብርሌ፦
እኔ ግን የማይገባኝ፣ የአባቶቻችን ጠጅና ጠላ ማንንም ገድሎ አያውቅም። ማርና ጌሾ ነው፤ መድኃኒት ነው። ችግሩ የፋብሪካው ቢራና የኬሚካል አረቄ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ለሆድህ ወይን ጠጣ ብሎታል!

ዘደብር፦
«ጥቂት» የምትለዋን ቃል ለምን ዋጥካት ወንድሜ?

የማታ ተረኛ፦
ብርሌ፣ ስምህም ጠጅ ነውና ቂም አልይዝብህም። ግን እንቁጠር። 330 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ቢራ ውስጥ ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለ። 40 ሚሊ ሊትር ጠንካራ አረቄ፣ 45 በመቶ ከሆነ፣ ወደ 14 ግራም። ግማሽ ሊትር ጠጅ 10 በመቶ ከሆነ ወደ 40 ግራም ይጠጋል፤ ሦስት ቢራ ማለት ነው፣ ያውም ጣፋጭ ስለሆነ እንደ ጭማቂ የሚወርድ። ጉበት በሰዓት የሚያጣራው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ማር ይሁን ገብስ ጉበት አይጠይቅም፤ ኤታኖል ኤታኖል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የማንቁርት፣ የምግብ ቧንቧ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀትና የጡት ካንሰር ከእሱ ጋር ይያያዛሉ። ጠጅ ከዚህ ውጪ ነው የሚል መስመር የለውም።

የጉለሌው፦
እሺ የአጥንት ሾርባዬን አንስቻለሁ። ግን አንድ ጥያቄ፦ ሰው የሚጠጣው ስለተከፋ ነው ወይስ የሚከፋው ስለሚጠጣ? እኔ የማውቃቸው ጠጪዎች ሁሉ ያዘኑ ሰዎች ናቸው።

ጨብሲ ድሮ፦
ይህን እኔ ልመልስ፣ ኖሬበታለሁና። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። ጫቱ ያነቃል፣ ቢራው ያወርዳል፣ ሳትጠጣ እንቅልፍ የለም። በመጠጥ የተኛ ሰው ግን አይተኛም፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልቤ ድው ድው እያለ ዓይኔ ይፈጣል። የዞረ ድምሩ ራስ ምታት ብቻ አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር፤ ስልክ ሲጮኽ እደነግጣለሁ፣ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ሰው ሁሉ የተቆጣኝ ይመስለኛል። ድብርት አለብኝ ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ የድብርቱን መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት «መጀመሪያ ጫቱንም መጠጡንም እናቁም፣ ከአንድ ወር በኋላ እንይ» አለችኝ። ተናድጄ ነበር የወጣሁት፤ የምትንቀኝ መስሎኝ። ከወሩ በኋላ አብዛኛው ጭንቀት አልነበረም። የቀረው ትንሽ ነበርና ለእሱ መድኃኒት ወሰድኩ።

የማታ ተረኛ፦
ሐኪሟ ልክ ናት። አልኮል ራሱ ድብርት የሚመስል ነገር ይሠራል፤ ከተተወ በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ከብዙ ሰው ላይ ይነሳል። የማይነሳለትም አለ፤ ከመጠጡ በፊትም የነበረ ድብርት ወይም የቆየ ድንጋጤ ያለበት። ለዚያ የራሱ ሕክምና አለ። ስለዚህ የጉለሌው፣ መልሱ ሁለቱም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን እየጠጡ ማወቅ አይቻልም። እና አንድ ነገር፦ ጠጥቶ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ «ስካር ነው የሚያናግረው» ብላችሁ አትተዉት። አልኮል ያዘነ ሰው የሚያስፈራውን ነገር እንዲደፍር ያደርገዋል። አብራችሁት እደሩ፣ ጠዋት ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።

ሦስት ጉልቻ፦
እናንተ ሰዎች፣ የኔን ስሙኝ። ባለቤቴ ለብዙ ዓመት ጠጥቷል፣ አሁን ቀንሷል። ግን ዋሾ ሆኖብኛል። «ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?» ስለው ያልሄደበት ለቅሶ ሄጄ ነበር ይለኛል፣ ከነምስክሩ ይተርካል። ከሰዓት ስጠይቀው ሌላ ታሪክ ነው። ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ይደጋግማል። የእግሩ መዳፍ ደግሞ ሌሊት ያቃጥለዋል፣ እንደ ጥጥ ላይ መሄድ ነው ይላል። የልጆቹን ልጅነት ግን አንድ በአንድ ያስታውሳል። እኔ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ነው ያሰብኩት።

የማታ ተረኛ፦
እህቴ፣ ባላየው ሰው ላይ ፍርድ መስጠት አልችልም፤ ግን የጻፍሽው ነገር ውሸት ላይሆን ይችላል። ቅድም ያልኩት የቢ1 እጥረት ሳይታከም ሲቀር የሚተወው ጉዳት አለ፤ ኮርሳኮፍ ይባላል። አዲስ ነገር አይያዝለትም፤ የድሮው ግን አለ። አእምሮው ባዶ የሆነውን ቦታ ታሪክ ፈጥሮ ይሞላዋል፤ ሰውየው እየዋሸ መሆኑን አያውቅም፣ ራሱም ያምነዋል። የእግር ማቃጠሉና የጥጥ ስሜቱም የነርቭ ጉዳት ምልክት ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ መምጣታቸው ያሳስባል። ሳትጣሉ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ስኳርና የታይሮይድ ምርመራም ይታዘዝለት፣ ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላልና። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም ጳውሎስ ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና አለ። «አማኑኤል ገባ» ይሉኛል ብላችሁ የምትፈሩ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ።

ሦስት ጉልቻ፦
... ይህን ስንት ሌሊት ሰድቤዋለሁ። ሰኞ ነው የምንሄደው።

ጨብሲ ድሮ፦
አይዞሽ። ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። አዋጅ 1112/2011 ወጥቶ ቢራ ከቴሌቪዥን ላይ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታው 3 ሰዓት ታገደ፣ ቢልቦርዱ ወረደ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥ ተከለከለ። ጥሩ ነው። የእኛ ሰፈር አረቄ ቤት በር ላይ ግን መታወቂያ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። አረቄ የሚቀዳው ልጁ ራሱ 15 ዓመቱ ነው።

ብርሌ፦
እሱስ እውነት ነው። የአረቄ ቤት ሴቶችም እኮ ልጅ የሚያሳድጉት በእሷ ነው፤ ሕጉ እነሱን ምን ይላቸዋል? ዝጉ ቢባሉ ምን ይበላሉ?

አስተዳዳሪ፦
ስለ አረቄ ንግድ ሌላ ክር ክፈቱ፤ እዚህ ጤና ላይ እንቆይ። የማንንም ሰው ስምና ፎቶ አትለጥፉ፤ አንድ መልእክት አንስቻለሁ።

የጉለሌው፦
አንድ ለራሴ። ምን ያህል ሲሆን ነው ብዙ ጠጣ የሚባለው? ማለት፣ እኔ ጠዋት አልቀምስም፣ አያንቀጠቅጠኝም። ግን ዓርብና ቅዳሜ ሰባት ስምንት ጃምቦ አይቀረኝም።

የማታ ተረኛ፦
የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል 10 ጥያቄ አለ፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ ካመጣህ አጠጣጥህ ጉዳት ያመጣል ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ጠይቅ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳምንቱን አጠራቅሞ በሁለት ሌሊት መጠጣት ሱስ ላይሆን ይችላል፣ ጉዳት ግን ነው፤ ያልጠበቅከው የልብ ምት መዛባት፣ የጣፊያ ጎረቤት የሆነው የቆሽት ቁጣ፣ መኪና፣ ጠብ፣ ሁሉም በዚያ ሌሊት ነው የሚመጣው። ደም ግፊትህንም ተለካ፤ ብዙ ሰው የግፊት መድኃኒት እየጨመረ ይሄዳል እንጂ ጃምቦውን አይቆጥርም።

ትንሿ እህት፦
ወንድሜ ዛሬ ራሱን ያውቃል። «ጉንዳኖቹ የት ሄዱ» ብሎ ሳቀ። ሐኪሙ ለክትትል ወደ ሱስ ሕክምና ሪፈር ጽፎለታል፤ ቢ1 ክኒን ይዞ ነው የሚወጣው። እማዬ ደግሞ ጠበል በጀሪካን አስመጥታለች፤ ሐኪሙ «ቀዝቃዛ አይሁን፣ ደረቱን አትርጩት» ብሎ ፈቅዶላታል። የማታ ተረኛን በጸሎቷ ታስባታለች፣ ስሟን ስጪኝ ብላለች፣ «የማታ ተረኛ» ነው ያልኳት።

የማታ ተረኛ፦
እሱ ስም ይበቃል፣ አሜን። መጠጥ ያለበት ቤት እንዳይገባ ለጥቂት ወራት ጓደኞቹን ምረጡለት፤ ፋሲካ ላይ ማን ቤት እንደሚውል ከአሁኑ ተነጋገሩ።

አራስ ቤት፦
ክሩ ሳይዘጋ ልጠይቅ። በቅርቡ ወልጃለሁ። አማቴ ወተት ያወርዳል ብላ ጠላ በየቀኑ ታስቀዳልኛለች፤ «እኛም በጠላ ነው ያደግነው» ትላለች። እምቢ ስል ንቀት ይመስላታል። እውነት ያወርዳል?

የማታ ተረኛ፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ። አያወርድም፤ ይልቅ አልኮል ወተቱን ከጡት የሚያስወጣውን ሆርሞን ያፍናል፣ ልጁ የሚያገኘው ይቀንሳል። በደምሽ ያለው አልኮል ወተትሽም ውስጥ አለ። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ምንም ዓይነት አልኮል አይመከርም፣ የጽንሱን አንጎል ይጎዳል። ለአማትሽ «አጥሚት ነው የሚያምረኝ» በያት፤ እሱን ሠርታ መስጠቷም እንደ ክብር ይቆጠራል።

አራስ ቤት፦
የአጥሚቱ ሐሳብ ይሠራል። ጠላውን ግን ባለቤቴ እየጨረሰልኝ ነው፣ ይህን ክር ልላክለት?

የጉለሌው፦
ላኪለት፣ ኦዲቱን አብረን እንሞላለን።